ከሄፓታይተስ ሲ ሕክምና በኋላ የእናቴ ኮሌስትሮል ለምን ጨመረ?

የተከበራችሁ የሕክምና ባለሙያዎች፣ በአዳማ የሚኖሩት የ61 ዓመት እናቴ ለ12 ሳምንታት ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር የተባሉትን የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቶች ወስደው ከጨረሱ ከሦስት ወር በኋላ በተደረገላቸው ምርመራ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ አልተገኘም፤ ለዚህም ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ለዓመታት ያስቸግራቸው የነበረው የደም ስኳርም ረገብ ብሏል። ይሁን እንጂ ጎጂ የሚባለው ኮሌስትሮላቸው ከ82 ወደ 139 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከፍ ማለቱ አስጨንቆኛል፤ ምግባቸው እንደሆነ ያው የጾም ሽሮና ጎመን ነው።

ሄፓታይተስ ሲ ለመራባት የጉበትን ስብ እንደሚጠቀምና ከጉበት የሚወጣውም ስብ ተሸካሚ ከሆኑ ቅንጣቶች ጋር ተጣብቆ እንደሆነ፣ ኢንሱሊንም በአግባቡ እንዳይሠራ እንደሚያውክ አንብቤያለሁ። ታዲያ የቀድሞው ዝቅተኛ ቁጥር የጤና ምልክት ሳይሆን የቫይረሱ ሥራ ነበር ማለት ነው? ግራ የተጋባሁት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የምግብ ፍላጎታቸው ተመልሶ 4 ኪሎ ጨምረዋል፣ የሰውነት ስብ ሲበዛ ደግሞ ሌፕቲን የተባለው የጥጋብ ሆርሞን እንደሚጨምርና ኢንሱሊንን የሚያግዘው አዲፖኔክቲን የተባለው ሆርሞን እንደሚቀንስ አውቃለሁ። የቫይረሱን መጥፋትና የክብደቱን መጨመር ውጤት ለይቶ ማወቅ ይቻላል? የኮሌስትሮል መድኃኒት አሁኑኑ ይጀምሩ ወይስ ምርመራው ከጥቂት ወራት በኋላ ይደገም? ቀጠሯቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሆነ፣ ሐኪማቸውን ምን ብጠይቅ እንደሚሻል ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።