ዋሻው ይቆፈር ወይስ ይቅር?

አድሚን፦ ሰላም ጅማዎች። ጄኔቫ አጠገብ ያለው ሰርን፣ የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ በ27 ኪሎ ሜትር ክብ ዋሻ ውስጥ ፕሮቶን ከፕሮቶን እያላተመ አዲስ ከባድ ቅንጣት ሲፈልግ ቆይቷል። አሁን ደግሞ 91 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሌላ ዋሻ ታቅዷል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ 15 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ ገደማ ይፈጃል። ይቆፈር? ስድብ የለም። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ቡና ነጋዴው፦ አይቆፈር! 2012 ላይ ሂግስ የሚሉትን ቅንጣት አገኙ፣ እሰየው። ከዚያ ወዲህስ? እኔ ባዶ ጆንያ አልገዛም።

የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ባዶ እንኳ አይደለም። ብዙ አዳዲስ ቅንጣቶች ታይተዋል። እርግጥ ነው፣ ድሮ በምናውቃቸው ኳርኮች፣ ፕሮቶን ራሱ በተሠራባቸው ዓይነት ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ የተገጣጠሙ ናቸው። እርስዎ የሚሉት ዓይነት ፍጹም አዲስ ነገር አልመጣም፤ እሱን አልክድም።

ቡና ነጋዴው፦ ታዲያ አመንሽ።

ተማሪዋ፦ ቆይ። እማዬ መጋዘን ለቀማ ትሠራ ነበር። ሰፌዱ ላይ አንድ ጥቁር ፍሬ ብታገኝ ዝም ብላ ትጥላለች። በየሰፌዱ ሲበዛባት ግን እጇን ታቆምና ጆንያውን ታያለች። እዚያም እንዲሁ ነው። ከባዱ ቅንጣት ራሱ አይታይም፤ ተወልዶ ወዲያው ይፈርሳል። ፍርስራሹን ደምረው ክብደቱን ያሰላሉ። አንድ ክብደት ላይ ከሚጠበቀው በላይ ከተከመረ ጥርጣሬ ይገባል። 2015 መጨረሻ ላይ 750 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ የፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ጥንዶች በዙ። ግጭቱን የሚመዘግቡት ሁለቱ ግዙፍ መሣሪያዎች፣ አትላስም ሲኤምኤስም፣ አዩት። ከ500 በላይ ጽሑፍ ተጻፈበት። 2016 ላይ ዳታው ሲጨመር ብን አለ።

ቡና ነጋዴው፦ አየሽ! ብን!

ተማሪዋ፦ ብን ማለቱን የነገሩን እነሱው ራሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው ክምሩ 5 ሲግማ በሚሉት የእርግጠኝነት ልክ ካልደረሰ «አገኘን» የማይሉት። ተራ አጋጣሚ ያን ያህል ክምር የሚፈጥርበት ዕድል ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ ነው።

ቲቸር፦ እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ግን ከጋሼ ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ለሂግስ ቀጠሮ ነበረን። እሱ ወይም እሱን የሚተካ ነገር እዚያ ኃይል ላይ ከሌለ ስሌታችን ይፈርስ ነበር። አሁን ግን ቀጠሮ የለንም። ደግሞ ማንም የማይጠቅሰው ነገር አለ፦ የመጀመሪያው ምዕራፍ ኤሌክትሮንንና ተቃራኒ ጥንዱን ፖዚትሮንን ነው የሚያጋጨው፣ ሂግስን በደንብ ለመለካት። ከባዱን በቀጥታ የሚፈልገው የፕሮቶኑ ምዕራፍ የሚመጣው በ2070ዎቹ ነው። ያኔ እኔ የለሁም።

ተማሪዋ፦ ቲቸር፣ መለካቱን አይናቁት እንጂ። ከአሁኑ በፊት የነበረው ማሽን፣ ሌፕ፣ በዚያው 27 ኪሎ ሜትር ዋሻ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ሲያጋጭ ከኳርኮች ሁሉ ከባዱን፣ ቶፕ ኳርክን፣ መሥራት አልቻለም፤ ኃይሉ አነሰው። ግን ከጥቃቅን ልኬቶቹ የቶፕ ክብደት ምን ያህል እንደሚሆን ተገመተ። 1995 የአሜሪካው ቤተ ሙከራ ፌርሚላብ ሲያገኘው እዚያው ግድም ሆነ።

ቲቸር፦ እሱ እውነት ነው። እሱን ነጥብ ወሰድሽው።

ነርሷ፦ እኔ የማይገባኝ፣ ዋሻው ካልተቆፈረ ብሩ አዌቱ ድልድይ ላይ ሊወድቅልን ነው እንዴ? የአውሮፓውያን ኪስ ነው።

ቡና ነጋዴው፦ ሃሃ! ለእኛ ምን ተረፈን ታዲያ?

ተማሪዋ፦ ዳታው። ሲኤምኤስ የለቀቀውን ማንም በነፃ ያወርዳል። እኔ የሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ ትንሽ አውርጃለሁ። ሁለት ሙዮን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ ነው) መርጬ ስደምር 91 ጊጋ ላይ ዜድ ቦዞን የሚባለው ከባድ ቅንጣት ጉብታ ቁጭ ብሎ አየሁት። ከራሴ ላፕቶፕ!

ቡና ነጋዴው፦ አሁንም አይቆፈር ነው የምለው። ግን ያን ጉብታ ቅዳሜ አምጪና አሳዪኝ። ቡናው ከእኔ።