ጎልፍ 4 የኋላ ፍሬን ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ሸራ ቀይሬም አልተወኝም

ባለጎልፍ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ የ2001 ሞዴል ጎልፍ 4 ናት፣ የኋላዋም ዲስክ ነው። ጠዋት ከግቢ ስወጣ ዝም ትላለች። ትንሽ ከተነዳች በኋላ ግን ከኋላ በግራ በኩል ሲጥ ሲጥ ማለት ትጀምራለች፣ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ድምፅ ነው፣ ስፈጥን ይፈጥናል። ፍሬን ስይዝ ይጠፋል፣ ስለቅ ይመለሳል። አንድ ጋራዥ ሸራ ቀየሩልኝ፣ ሳምንት ሳይሞላ እዚያው ነው። አሁን ደግሞ ዲስኩንም ካሊፐሩንም (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠውን) ቀይር እያሉኝ ነው። ኪሴን ከማራገፌ በፊት ምን ልይ?

መርካቶ ሰፈር፦
ርካሽ ሸራ ሸጠውልህ ነው። ሶማሌ ተራ ውረድና ኦርጅናል ግዛ፣ አለቀ።

የድሮ መካኒክ፦
ኦርጅናልም ቢሆን ካሊፐሩ ካልለቀቀው መጮሁ አይቀርም። ፍሬን ስትይዝ ብቻ ቢጮህ ኖሮ ሸራው ተቃጥሎ ፊቱ አብረቅርቋል፣ ወይ ከጀርባው የፍሬን ግራሶ አልተቀባም እንል ነበር። ያንተ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሳትይዝ ይጮሃል። ስለዚህ ሸራው ሳይለቅ ዲስኩን እየላሰ ነው፣ ሲግል ደግሞ ይብሳል።

መጀመሪያ ፍሬን ብዙ ሳትይዝ ትንሽ ነድተህ ቁምና እጅህን ወደ ሁለቱ የኋላ ቸርኬዎች አስጠጋ፣ እንዳትነካ ብቻ። ግራው ከቀኙ በጣም ከጋለ በሽታው እዚያ ነው። ከዚያ ሜዳ ቦታ ላይ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፍ፣ ማርሽ አስገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅና የኋላውን በክሪክ አንሳ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፣ ከስር ጠንካራ ድጋፍ አድርግ። ጎማውን ፈተህ ካሊፐሩ ላይ የእጅ ፍሬን ገመድ የሚስባትን ትንሽ ሌቨር እያት። ፍሬኑ ሲለቀቅ ሞላዋ መልሷት ማቆሚያዋ ላይ ቁጭ ማለት አለባት። ካልተመለሰች ገመዱን ከሌቨሯ ላይ አውልቀው። ያኔ ዱብ ብላ ከተመለሰች ጥፋቱ የገመዱ ነው፣ አሁንም ከደረቀች የካሊፐሩ። ይህንን ሳያይ ካሊፐር ቀይር የሚልህ ሰው እየገመተብህ ነው።

ፍራንክፈርት፦
እዚህ ጀርመን በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ስለሚበተን ይሄ የተለመደ ነው። የኋላ ፍሬን ከፊቱ ጋር ሲነጻጸር ሥራው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ዝገቱ ሳይጠረግ ይከርማል፣ ቲዩቭም (የመኪና ምርመራው) ግራና ቀኙ እኩል ካልያዙ መኪናህን ይጥልብሃል። እኔ የምጨምረው፣ ሸራ ሲቀየር የጎልፍ 4 የኋላ ፒስተን (ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን የሚገፋው) በክላምፕ ተገፍቶ አይገባም። እየተጫነ ወደ ቀኝ ይዞራል። ዝም ብለው ገፍተውት ከሆነ ውስጡ ያለው የእጅ ፍሬን ዘዴ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ጠይቃቸው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ፒኖችም አውጥተህ አጽዳ፣ የሚቀባው የሲሊኮን ግራሶ ነው፣ ተራው ግራሶ የፒኖቹን የጎማ ሽፋን ያሳብጠዋል። ዲስኩን ለካው። አዲሱ 9 ሚሊ ሜትር ነው፣ 7 ከደረሰ ይጣላል።

ባለጎልፍ፦
ተባረኩ። ግራው ቸርኬ እሳት ሆኖ አገኘሁት። ገመዱን ሳወልቀው ሌቨሯ ወዲያው ተመለሰች። ፒኖቹ ይንሸራተታሉ፣ ዲስኩም 8 ሚሊ አለው። እና ገመዱን በዘይት ላለስልሰው ወይስ ልቀይረው?

የድሮ መካኒክ፦
ቀይረው። ውስጡ ዝጓል፣ ዘይቱ ለጊዜው ነው። የግራና የቀኙ ለየብቻ ናቸው፣ ሁለቱንም ባንዴ ብትጨርስ ይሻልሃል። እስከዚያው የእጅ ፍሬን አትሳብ፣ በማርሽ አቁማት፣ ዳገት ላይ ድንጋይ ጨምር። አዲሱን ሸራ አትጣለው፣ ካልተሰነጠቀና እኩል ከተበላ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገህ አሸው። አፍንጫህን ሸፍን፣ አቧራውንም በኮምፕረሰር አታስነፋው።