ቤዝ64 ኢሜይል ሜይንፍሬም ላይ ሲፈታ የተመሰቃቀለ ነገር ይወጣል

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ዜድ ኦኤስ (የአይቢኤም ሜይንፍሬም ስርዓተ ክወና) ላይ የሌሊት ጆብ ኢሜይሎችን ያነባል። የአብዛኞቹ አካል በቤዝ64 (ባይቶችን በ64 ምልክቶች የሚጽፍ አሠራር) ነው የሚመጣው። ፋይሉ በኤፍቲፒ ገብቶ የመዝገብ ርዝመቱ ቋሚ 80 የሆነ ዳታሴት (የሜይንፍሬም ፋይል) ላይ ያርፋል። ሊኑክስ ላይ በትክክል የሚሠራ፣ በሲ የተጻፈ ፈቺ ፕሮግራም አምጥተን ኮምፓይል ብናደርገውም ውጤቱ አይነበብም። ከመልእክቶቹ ገሚሱ እንግሊዝኛ፣ ገሚሱ አማርኛ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ 1
መጀመሪያ ፋይሉ እንዴት እንደገባ ይመልከቱ። አይኤስፒኤፍ (የዜድ ኦኤስ ኤዲተር) ላይ ከፍተው የባይቶቹን ኮድ ለማየት ሄክስ ኦን ይበሉ። ትልቁ ኤ «ሲ1» ከሆነ በጽሑፍ ሁነታ ገብቶ ወደ ኢብሲዲክ (የሜይንፍሬሙ የፊደል ኮድ) ተቀይሯል፤ ትክክል ነው። «41» ከሆነ ግን በባይነሪ ገብቷል፤ አሁንም አስኪ (የሌሎች ኮምፒውተሮች የፊደል ኮድ) ነው፣ ፈቺው አያውቀውም። በጽሑፍ ሁነታ እንደገና ያስገቡት።

ከተፈታ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። የታሸገው ጽሑፍ ኢብሲዲክ ቢሆንም ከውስጡ የሚወጡት ባይቶች ላኪው የጻፋቸው ናቸው፤ አስኪ ወይም ዩቲኤፍ-8 (የብዙ ቋንቋ ፊደላትን የሚይዝ ኮድ)። ስለዚህ መፍታት አንድ ሥራ ነው፣ ኮድ ገጽ (የትኛው ባይት የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገር ሰንጠረዥ) መቀየር ሌላ ሥራ ነው። እንግሊዝኛውን ከፈቱ በኋላ በአይኮንቭ (ኮድ ገጽ ቀያሪ ፕሮግራም) ከዩቲኤፍ-8 ወደ 1047 (የኢብሲዲክ ኮድ ገጽ) ይቀይሩት። አባሪውን (ፒዲኤፍ፣ ምስል) ግን በፍጹም አይቀይሩ፤ ይበላሻል።

መልስ 2
የሲ ፕሮግራሙ ችግር ሌላ ነው። አንዳንድ ፈቺዎች የፊደሉን ዋጋ የሚያገኙት ከፊደሉ ኮድ ላይ የትልቁን «ኤ» ኮድ በመቀነስ ነው። አስኪ ላይ ፊደላቱ ተከታታይ ስለሆኑ ይሠራል። ኢብሲዲክ ላይ ግን ይቆራረጣሉ፦ ከኤ እስከ አይ 193–201፣ ከጄ እስከ አር 209–217፣ ከኤስ እስከ ዜድ 226–233። ስለዚህ ጄ 9 መሆን ሲገባው 16 ይሆናል፣ ኤስ ደግሞ 18 መሆን ሲገባው 33። ትንንሾቹ ፊደላትም እንደዚያው ናቸው።

መቀነሱን ትታችሁ 64ቱን ምልክቶች በቅደም ተከተል በአንድ ቃል ጻፉና ቦታቸውን ፈልጉ። በሬክስ (የሜይንፍሬም ስክሪፕት ቋንቋ) ቀላል ነው፦ በፖስ (የምልክትን ቦታ የሚፈልግ ተግባር) ቦታውን ማግኘት፣ 1 መቀነስ፣ ወደ 6 ቢት መቀየር፣ 4 ምልክት ሲሞላ 24 ቢት ይሆናል፤ ያ 3 ባይት ነው። መጨረሻ ላይ አንድ የእኩል ምልክት ካለ 2 ባይት፣ ሁለት ካለ 1 ባይት ብቻ ይያዝ።

መልስ 3
ያ 80 ርዝመትም ያሳስበኛል። የኢሜይል ቤዝ64 መስመር እስከ 76 ምልክት ይሄዳል። ኤዲተሩ ላይ ቁጥር መስጠት በርቶ ከሆነ ከ73 እስከ 80 ያለውን ዓምድ ለመስመር ቁጥር ይወስደዋል፤ የየመስመሩ የመጨረሻ 4 ምልክቶች ይጠፋሉ ማለት ነው። ነምበር ኦፍ ይበሉ። አንነም እንዳይሉ፣ እሱ ዓምዱን በባዶ ያጠፋዋል። ካፕስ ኦን ሆኖ ከተለጠፈ ደግሞ ትንንሹ ፊደል ሁሉ ትልቅ ይሆናል፤ ያን የሚመልስ መንገድ የለም፣ ከምንጩ እንደገና ማምጣት ብቻ። ተለዋዋጭ ርዝመት ያለው፣ ለምሳሌ 255 የሆነ ዳታሴት ቢጠቀሙ ይሻላል። ቋሚው ላይ ከቀሩ የመስመር መጨረሻ ክፍተቶችን ሳያስወግዱ አይፍቱ።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሬክስ ጻፍነው፣ እንግሊዝኛው በትክክል ወጣ። አማርኛው ግን ወደ 1047 ሲቀየር ይጠፋል። አንዳንድ ርዕስ ደግሞ በእኩልና በጥያቄ ምልክት ይጀምራል።

መልስ 1
1047 በአንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ያለው የላቲን ገጽ ነው። ፊደላችን እዚያ የለም፤ ምንም ቢያደርጉ አይገባም። አማርኛውን በዩቲኤፍ-8 እንዳለ ያስቀምጡ። ኮቦል ፕሮግራም የሚያነበው ከሆነ ወደ ዩቲኤፍ-16 ቀይረው በናሽናል መስክ (ዩቲኤፍ-16 የሚይዝ የኮቦል መስክ) ይያዙት። መጠኑን ሲመድቡ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት፣ በዩቲኤፍ-16 2 ባይት መሆኑን ያስቡ። ፈቺውን ለመሞከር «ሰላም»ን ይጠቀሙ። ቤዝ64ው 12 ምልክት ነው፣ የእያንዳንዱ ፊደል አራት ምልክት በ«4» አሃዝና በትልቁ ዋይ ይጀምራል። ሲፈታ 225 136 176፣ 225 136 139፣ 225 136 157 ካልሰጠ ስህተቱ ከኮድ ገጹ በፊት ነው።

መልስ 4
ርዕሱ ላይ ያዩት የተለየ አጻጻፍ ነው፦ በጥያቄ ምልክቶች መካከል መጀመሪያ የኮድ ገጹ ስም፣ ቀጥሎ ቢ ወይም ኪው፣ ከዚያ ጽሑፉ። ቢ ከሆነ ያው ቤዝ64 ነው። ኪው ከሆነ የእኩል ምልክትና ሁለት የሄክስ አሃዝ አንድ ባይት ይሰጣሉ፣ የታች ሰረዝ ክፍተት ነው። አንዱ ቁራጭ ከ75 ምልክት አይበልጥም፤ ስለዚህ ረጅም ርዕስ በብዙ ቁራጭ ይመጣል። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ጥለው ያገናኙ። አንዳንድ ላኪ ፕሮግራም የአማርኛን ፊደል መሐል ላይ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ሁሉንም ፈትተው ባይቶቹን ከገጣጠሙ በኋላ ብቻ ኮድ ገጹን ይቀይሩ።