ዲስከቨሪ 3 የአየር ሞላ ከፍ ማድረግ፦ ሊንክ ልቀይር ወይስ በኮምፒውተር?

ኮረብቴ_ኦሮራ፦
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ፣ ኮሎራዶ ኦሮራ ነው ያለሁት፣ አምና የ2006 ኤልአር3 ገዛሁ (ያው ዲስከቨሪ 3 ነው፣ አሜሪካ ስሙን ቀይረውበት ነው) እና ከኮምፕረሰሩ (ሞላዎቹን አየር የሚሞላው ፓምፕ) ጩኸት በቀር እስካሁን ብዙም አላስቸገረኝም። ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሞስኪቶ ፓስ ወጣን፣ ቦታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ። ኦፍሮድ (መኪናው ከፍ የሚልበት ደረጃ) ላይ አድርጌው እንኳን ሆዱን ሁለት ቦታ ፋቀኝ፣ ድምፁን ስሰማ የራሴ ጎድን የተቧጨረ ነው የመሰለኝ። እና አሁን በቋሚነት 2 ኢንች ላነሳው አስቤያለሁ። አንዱ ጓደኛዬ የከፍታ ሴንሰሮቹን ሊንክ አውልቀህ አጭር አስገባበት ይለኛል፣ ሌላው ደሞ ምን በወጣህ በኮምፒውተር ካሊብሬት ይደረጋል ይለኛል። የቱ ይሻላል? ደሞ የኋላ ግራው ከቀኙ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው፣ ጠዋት ስወጣ ጭራሽ መኪናው በሙሉ ተኝቶ ነው የማገኘው። ይሄ ሳነሳው አብሮ ይስተካከላል ወይ?

አል_ቆዝ_መፍቻ፦
ሰላም ወንድም። ዱባይ አል ቆዝ ጋራዥ ውስጥ ይሄን መኪና ስፈታ ስገጥም ስንት ዓመቴ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝምብህ ነው። ከመጨረሻው ልጀምር፣ አይስተካከልም፣ ይብስበታል እንጂ። ይሄ መኪና ሞተር አጥፍተህ ቆልፈኸው ብትሄድም ኮምፒውተሩ በየ6 ሰዓቱ ገደማ እየነቃ አራቱንም ጎን ያያል፣ አንዱ ወርዶ ካገኘው ሌሎቹን ከሱ ጋር እኩል ለማድረግ አየር ያስወጣል፣ ሞተር ስለጠፋ ማውረድ እንጂ ማንሳት የለማ። ስለዚህ አንዱ ብቻ እያፈሰሰ አራቱም ተኝተው ታገኛቸዋለህ። ይሄን ሳያውቅ አራት አዲስ ሞላ ገዝቶ የመጣ ደንበኛ በዓይኔ አይቻለሁ።

የሚያፈሰውን ለመያዝ ማታ ስታቆም የሳስፔንሽኑን ፊውዝ ንቀለው፣ እንዳይነቃ። ከዛ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ አራቱንም በሜትር ለክተህ ጻፍ፣ ጠዋት ድጋሚ ለካ፣ የወረደው እሱ ነው። ከመሬት እንዳትለካ፣ ጎማው ንፋስ ካነሰው ይዋሽሃል። ከዛ ሳሙና በውሃ በጥብጠህ ሞላው ላይ፣ ቱቦው የሚገባበት ጫፍ ላይ፣ አየሩን ለየሞላው የሚያከፋፍለው ቫልቭ ብሎክ ላይ ቀባ፣ አረፋ ካወጣ አገኘኸው።

ወደ ሊንኩ ስንመጣ፣ ሁለቱም መንገድ ያው መኪናውን መዋሸት ነው። ሴንሰሩ ሻንሲው ላይ ታስሯል፣ በትንሽዬ ሊንክ ከጎማው አርም ጋር ይያያዛል። ሊንኩን ስታሳጥረው ሴንሰሩ መኪናው የወረደ ይመስለውና አየር ጨምሩ ይላል፣ መኪናው ይነሳል። በኮምፒውተር ሲሆን ሊንኩን አትነካም፣ ኖርማል የሚባለውን ቁጥር ነው የምትቀይረው፣ ጋፕ አይአይዲ ቱል የሚባለው ዓይነት መሣሪያ ያስፈልግሃል። እኔ በኮምፒውተሩ ነኝ፣ እያንዳንዱን ጎን በሚሊሜትር ማስተካከል ትችላለህ፣ ካልጣመህም እዛው ቆመህ ትመልሰዋለህ። ስትሠራ ወለሉ የተስተካከለ ይሁን፣ ዕቃ አራግፍ፣ የጎማ ንፋስ እኩል አርግ፣ ሞተር አስነሳ፣ በሮቹን ሁሉ ዝጋ፣ በር ከተከፈተ መኪናው ከፍታ መቀየሩን ያቆማል፣ ብዙ ሰው እሱን ሳያውቅ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል።

አደራ የምልህ ግን በአየር ብቻ ቆሞ ሥሩ እንዳትገባ። ስታንድ ሻንሲው ሥር አስገባ፣ ክሪክ ብቻውን አይበቃም፣ አየሩ በሆነ ምክንያት ከወጣ ሁለት ቶን ተኩል ነው የሚጫንህ።

ሳነቴ_ሹፌር፦
እኔን ከጠየቅከኝ ሽጠውና ባሊስትራ ያለው ላንድክሩዘር ግዛ ሃሃሃ። ቀልዴን ነው። ግን 2 ኢንቹ አልተዋጠልኝም። ባሌ ሳነቴ ላይ በዚሁ መኪና እንግዳ ይዤ ቱሉ ዲምቱ ወጥቻለሁ፣ 4,377 ሜትር ነው፣ መንገድ ላይ ከፍ ዝቅ ከፍ ዝቅ ሳደርገው የሳስፔንሽን መብራት በርቶ ኖርማል ሃይት ኦንሊ (ከመደበኛው ከፍታ ውጪ የለም) ብሎኝ ቁጭ። ኮምፕረሰሩ ግሎ ነው። እዛ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያንኑ ግፊት ለመሙላት ብዙ ይለፋል፣ አንተም ያለኸው ተራራ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆመን ቀይ ቀበሮ ስናይ በረደለትና ተነሳ፣ እንግዶቹ እንደውም ሆን ብዬ ያቆምኩ መስሏቸው አመሰገኑኝ።

ደሞ አስብ፣ ኦፍሮድ ላይ ስታደርገው ከኖርማል 55 ሚሊሜትር ይጨምራል፣ የአንተ 2 ኢንች ሲደመርበት ከ10 ሴንቲ በላይ ሆነ። ያኔ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚዘረጋበት ትርፍ የለውም፣ ቋ ቋ ይላል፣ አክስሉም ተጣሞ ነው የሚዞረው፣ ጎማህም በአንድ ጎን ይበላል። ሆድ እንዳይፋቅ ነው የፈለግከው አይደል? ለሱ የሥር መከላከያ ብረትና ትንሽ ከፍ ያለ ጎማ ይበቃል። የአነዳድ ነገርም አለ፣ ትልቁን ድንጋይ በጎማ ነው የሚረገጠው እንጂ መሃል ላይ አይታለፍም።

አል_ቆዝ_መፍቻ፦
በዚህ ከሱ ጋር ነኝ፣ 25 ሚሊሜትር አድርግና ተወው። ከዛ በኋላ አላይመንት ግዴታ ነው።

ሜሪ_ቨርጂኒያ፦
እኔም ይሄው መኪና አለኝ፣ ኮምፕረሰሩ ይጮሃል ስላልከው ዝም ብለህ እንዳትተወው። መጀመሪያ ሪሌውን (ኮምፕረሰሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) ቀይር፣ ርካሽ ነገር ነው፣ ሲያረጅ ተጣብቆ ይቀርና መኪናው ጠፍቶም ኮምፕረሰሩ እየሠራ ያድራል፣ የኔ እንደዛ ሆኖ ባትሪውንም ኮምፕረሰሩንም በላብኝ። ሁለተኛ የአየሩ ማድረቂያ፣ ውስጡ እርጥበት የሚይዙ ፍሬዎች አሉት፣ እነሱ ከጠገቡ ውሃው ወደ ቫልቮቹ ይሄዳል፣ በብርድ ደግሞ ይቀዘቅዝና ያዝ ያደርጋቸዋል። ዴንቨር አካባቢ ብርዱን ታውቀዋለህ።

ኮረብቴ_ኦሮራ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ሁለት ሳምንት ጠፋሁ ግን ሥራ ላይ ነበርኩ። ጉድ ልንገራችሁ። ፊውዙን ነቅዬ አሳደርኩት፣ ጠዋት ስለካ የኋላ ግራው ንቅንቅ አላለም፣ የወረደው የፊት ቀኙ ነው፣ 3 ሴንቲ! ሳሙናውን ስቀባ ሞላው አናት ላይ ቱቦው የሚገባበት ጋ አረፋ ፈላ። ቱቦውን አውጥቼ ጫፉን በስለት ቀጥ አድርጌ ቆርጬ መልሼ ሰካሁት፣ ቆመ፣ አንድ ሳንቲም አላወጣሁም።

የኋላ ግራው ታዲያ ለምን ዝቅ አለ ብዬ ሥሩ ገባሁ (በስታንድ ነው ጋሼ አል ቆዝ፣ እንዳትቆጡኝ)። የሴንሰሩ ሊንክ ተሰብሮ ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ በሽቦ ጠግኖታል! ሲጠግነው ሊንኩ ረዝሟል፣ ሴንሰሩ መኪናው ከፍ ያለ እየመሰለው ሲያወርደው ኖሯል። አዲስ ሊንክ ገባለትና እኩል ሆነ። ሪሌውንም ቀየርኩ፣ ከዛ መሣሪያውን ከጓደኛዬ ተውሼ አራቱንም 25 አነሳኋቸው፣ አላይመንትም ተሠራ። ጩኸቱ ግን ትንሽ አለ፣ ማድረቂያውን አዝዣለሁ።

እማዬ ደሞ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ኤርፖርት ላይ አክሰስ (ለመግባት እንዲመች ዝቅ የሚልበት ደረጃ) ላይ አድርጌ ሳወርድላት «እንዴ እንደ ግመል ተንበረከከልኝ» ብላ እየሳቀች ገባች። ግን ያን ቀን አንድ ነገር ጠረጠርኩ፣ አክሰሱም እንደ ድሮው አልወረደም መሰለኝ?

አል_ቆዝ_መፍቻ፦
አዎ፣ ዜሮውን፣ ማለት የሁሉም ከፍታ መነሻ የሆነውን ነው የቀየርከው፣ ስለዚህ ሁሉም አብሮ 25 ይነሳል፣ አክሰሱም ኦፍሮዱም። ጣሪያ ላይ ዕቃ የምትጭን ከሆነ ቁመቱን እንደገና ለካው፣ ፓርኪንግ ስትገባ ኋላ ጉድ እንዳይሠራህ። እናትህንም ሰላም በልልኝ።