ጥቆማ፦ ደብረ ብርሃን ላይ የመኪና ውክልና የሚጽፍ ጥሩ ውል ጸሐፊ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ለሥራ ራቅ ሊል ስለሆነ በስሙ ያለውን አይሱዙ እንድሸጥለት ውክልና ሊሰጠኝ ነው። ፍትሕ ጽ/ቤቱ አካባቢ ካሉት ውል ጸሐፊዎችና ጠባሴ በኩል ካሉት ኮምፒውተር ቤቶች የትኛው ይሻላል? በአንድ ቀን ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ የሚጨርስ ብትጠቁሙኝ።

ባለጉዳይ፦ እህቴ፣ ጸሐፊው ይጽፋል እንጂ አያረጋግጥም። ማኅተሙ የሚመታው ሰነድ ማረጋገጫ ነው፤ ወንድምሽ ኦሪጅናል መታወቂያውን ይዞ ራሱ ይቀርባል፣ ባለሙያው ፊት ይፈርማል። ኮምፒውተር ቤት ውስጥ «እዚህ ጋ ፈርም» ቢሉት እንዳይፈርም። አንቺ ተወካይ ስለሆንሽ መቅረብ አይጠበቅብሽም፤ ስምሽ ግን እስከ አያት ይጻፍ። ሦስት ቅጂ አስወጡ፣ አንዱ እዚያው መዝገብ ቤት ይቀራል።

የጠባሴው፦ ከበሩ ፊት ለፊት ያሉት እትዬ ጋ ሂጂ። በታይፕ ዘመን የጀመሩ ናቸው፣ የእሳቸው እጅ ያረፈበት ወረቀት አይመለስም።

ሊብሬ፦ ስሙን አልጠራም እንጂ አንዱ ቤት የሌላ ሰው ውክልና ከኮምፒውተሩ ከፍቶ፣ ስምና ቀን ብቻ ቀይሮ አትሞ ሰጠኝ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የፊተኛው ባለጉዳይ ሰሌዳ ቁጥር እንዳለ ቀርቷል! መስኮት ላይ ተመለሰ፣ ለእርማትም እንደ አዲስ አስከፈሉ። ሳታነቡ ገንዘብ አትስጡ።

የመንዝ ልጅ፦ ይሄ የብዙ ቤት ችግር ነው። ሊብሬውን (የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር) ከወረቀቱ ጎን ዘርግታችሁ ሰሌዳውን፣ ሻንሲውን (የመኪናው አካል ላይ የተመታውን መለያ ቁጥር)፣ የሞተር ቁጥሩን በጣት እየተከተላችሁ አመሳክሩ። ባለ 17 አሃዝ ሻንሲ ውስጥ ኦ የሚባል ፊደል የለም፤ ክብ ነገር ካያችሁ ዜሮ ነው፣ ጸሐፊዎች ግን ኦ እያሉ ይመቱታል። የስሙ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሊብሬው ላይ «ገብረመድኅን» ሆኖ መታወቂያው ላይ «ገ/መድኅን» ከሆነ አንዱ መስኮት ያሳልፈዋል፣ ሌላው አንድ ሰው ለመሆኑ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ ይላል። ጸሐፊ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለቱን አስተያዩ።

ሊብሬ፦ ልክ ነው። ዋጋ ስትነጋገሩም እርማት እንደሚጨምር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

የጠባሴው፦ እትዬ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ደብረ ሲና፦ ኑዛዜ ለምታስጽፉም ልጠቁም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት ተነብቦ ይፈረማል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ (ውል የሚያረጋግጥ ሹም እንጂ ውል ጸሐፊ አይደለም) ከሆነ ሁለት ይበቃል።

ጫጫ፦ የእርሻ መሬት ኪራይ የሚያስጽፍ ሰው ደግሞ ውሉን ወረዳው መሬት አስተዳደር ያስመዝግብ። መሬት መሸጥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተከለከለ ስለሆነ «ሽያጭ» የሚል ቃል የሚያስገባ ጸሐፊ ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ውጡ።

ባለጉዳይ፦ ልጅቷ የጠየቀችው የአይሱዙ ውክልና ነው፤ ኑዛዜና መሬት ምን አመጣው? እትዬም ጥሩ ከሆኑ ምን ምን እንደሚጽፉ ንገራትና ታመዛዝን። «አይመለስም» ማለት ብቻ ለእሷ ምን ይሠራላታል?

የመንዝ ልጅ፦ እኔ ልንገራት። «ጠቅላላ ውክልና» ብቻ ከተባለ ለመሸጥ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥራ ነው፦ ንብረት መጠበቅ፣ ዕዳ መሰብሰብ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ እንዲህ ያለው። ከዚያ ላለፈ አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ መኪናው በሰሌዳና በሻንሲ ቁጥሩ ተለይቶ «እንድትሸጥ፣ ዋጋውን እንድትቀበል፣ የሽያጭ ውል እንድትፈርም፣ ክሊራንስ (ከዕዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ) እንድታወጣ፣ ስም እንድታዛውር» ተብሎ ይዘርዘር። አንቺም ካልተመቸሽ ሌላ ሰው እንድትወክዪ «ውክልና እንድትወክል» የሚለው ይግባ፤ ካልተጻፈ ሥራውን ራስሽ መሥራት አለብሽ። «ዋጋውን እንድትቀበል» የሚለውን ብዙ ጸሐፊ ይረሳዋል፤ ገዢው ብር ሊሰጥ ሲል ነው ጉዳዩ የሚቆመው። ይህን ዝርዝር በእጅሽ ጽፈሽ ይዘሽ ከሄድሽ የትኛውም ቤት ይሠራልሻል።

ሊብሬ፦ ወንድሟ ባለትዳር ከሆነስ?

የመንዝ ልጅ፦ መኪናው የጋራ ከሆነ ባለቤቱም አብራ ትወክል። ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ከቀበሌ ያውጣ፤ እሱን ሳይዙ ሄደው የሚመለሱ ብዙ ናቸው።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቱ አብራ ትቀርባለች። መኪናው ግን ባንክ ተይዞ ነበር፣ ብድሩ አልቋል። የባንኩ ደብዳቤ ከውክልናው በፊት ያስፈልጋል ወይስ ከሽያጩ?

ባለጉዳይ፦ ከሽያጩ በፊት የግድ ነው። እገዳው ከትራንስፖርት ፋይሉ ላይ ካልተነሣ ስም አይዛወርም። ወንድምሽ ሳይሄድ ባንኩን ጨርሱት፤ ካልቻላችሁ «ዕዳና እገዳ እንድታስነሣ» የሚለውም ውክልናው ውስጥ ይግባ።

የጠባሴው፦ እትዬ ይሄንንም ያውቁታል። በጠዋት ሂጂ፣ ከረፈደ ሰልፍ ነው።