የእንዶድ ፕሮፖዛል ረቂቅ፣ ሐሳባችሁን አስገቡ

ፀሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ የማኅበራችን የጋራ የምርምር ፕሮፖዛል በእንዶድ ላይ ይሁን ተብሎ የለ፣ ርዕሱን ለጊዜው «የእንዶድ ፀረ ቫይረስ ጥቅም» ብዬዋለሁ፣ እስከ አርብ አስተያየት ስጡበት።

ላብ ያለሁት፦ እህቴ በጣም ሰፊ ነው፣ አንድ ቫይረስ እንምረጥ። እኔ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ፣ ማለትም ከንፈር ላይ ቁስል የሚያወጣውን ቫይረስ እላለሁ፣ ቬሮ ሴል በሚባለው ላብ ውስጥ በሚያድገው የጦጣ ኩላሊት ሴል ላይ በደንብ ይራባል፣ ለማወዳደሪያም የሄርፒስ መድኃኒቱ አሲክሎቪር አለ። ደሞ ቅጠሉንና ፍሬውን ለየብቻ እንስራ፣ እባካችሁ ይሄን አትለፉት! ፍሬው ላይ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን ነው፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በሱ ነው። ሳፖኒን የሴል ሽፋን ይበሳል፣ ሴሉ ከሞተ ደግሞ ቫይረሱ የት ይራባል፣ እኛም መርዝነቱን ለክተን ቫይረስ ገደለ ብለን እንጽፋለን። ቅጠሉ ላይ ግን ዶዴካንድሪን የሚባል ፕሮቲን አለ፣ የእንዶድ ዘመድ ከሆነው የአሜሪካ ተክል ከተገኘው ፀረ ቫይረስ ፕሮቲን ጋር አንድ ወገን ነው፣ ሴሉ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ላይ ነው የሚሰራው።

ፋርማሲ ክፍል፦ የጤነኛውን ሴል ራይቦዞምስ ይምራል እንዴ? ስለዚህ ግማሹን ሴል የሚገድለው መጠን ቫይረሱን በግማሽ ከሚቀንሰው መጠን ቢያንስ 10 እጥፍ ካልበለጠ እናቆማለን የሚል ዓረፍተ ነገር ዘዴው ውስጥ ይግባልኝ። «ፈውስ» የሚለውንም ከመግቢያው አውጡት፣ በኮሮና ጊዜ ሰው በጭንቀት ያልጠጣው ነገር አልነበረም፣ እንዶድ ደግሞ መርዝ ነው፣ የማኅበሩን ስም አይቶ አንድ ሰው ቢጠጣውስ?

ፀሐፊ፦ ልክ ነው፣ ወጥቷል።

ከጎንደር፦ ፈቃዱስ? ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ እውቀት በወጣው አዋጅ 482/1998 መሠረት ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሳንጠይቅ ቅጠል መቁረጥ የለብንም፣ የሕዝቡ እውቀት ከተነካ ደግሞ የሕዝቡም ስምምነት ያስፈልጋል። ዜብራ መስል የሚባለውን የውሃ ዛጎል ለማጥፊያ የወጣው የእንዶድ ፓተንት የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እጅ ነው የገባው፣ እውቀቱ ግን የእናቶቻችን ነበር። እኔ በበኩሌ የጥቅም ክፍፍሉ ያልተጻፈበት ፕሮፖዛል ላይ አልፈርምም።

ላብ ያለሁት፦ እስማማለሁ። የእንዶድ ዓይነቱም ይለያያል፣ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ ተመርጦ የነበረው ኢ-44 የሚባለው ዓይነት ነው፣ ስለዚህ የት ቦታ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ ይመዝገብ፣ አንድ አንድ ናሙና የደረቁ ተክሎች በሚቀመጡበት ብሔራዊ ሄርባሪየም ይቀመጥ።

ፀሐፊ፦ እሺ፣ አዲሱ ርዕስ «የእንዶድ ቅጠልና ፍሬ በሄርፒስ ሲምፕሌክስ እና በሴል ላይ ያላቸው ውጤት» ይሁን። የፈቃዱን ማመልከቻ ጎንደር ያለኸው ጀምርልን፣ የሴል ካልቸሩን፣ ማለትም ሴል ላብ ውስጥ የማሳደጊያውን ባጀት ደግሞ ላብ ያላችሁት እስከ ሐሙስ ላኩልኝ።