ለጅግራም ለሸክላ ዒላማም የሚሆን አንድ ጠመንጃ የቱ ነው?

ሰላም ወገኖች፣ ከአዳማ ነው የምጽፈው። ፈቃዱን በሕጉ መሠረት ጀምሬያለሁ፤ የጨነቀኝ ምርጫው ነው። ለቆቅና ለጅግራ አደን፣ ወደ አየር ለሚወነጨፍ የሸክላ ዒላማም የሚሆን አንድ ጠመንጃ እፈልጋለሁ። ሁለት መግዛት አቅሜ አይፈቅድም።

ባለፈው በአጎቴ ባለ 12 ጌጅ ጠመንጃ ሞከርኩ (ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል)። ሰደፉ ረዘመብኝና ትከሻዬ ላይ አልገጥም አለ። ከ25 ሸክላ 6 ብቻ መታሁ። ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ ክንዴ ሥር የሳንቲም ያህል በልዞ አገኘሁት።

20 ጌጅ ቀለል ይላል፤ ግን ጥይቱ የሚይዘው ርሳስ አነስተኛ ስለሆነ ጅግራዋን አቁስሎ እንዳይለቃት እፈራለሁ። የቆሰለች ወፍ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትጠፋ አንጀቴን ትበላዋለች።

ባለ ሁለት አፈሙዝ ብገዛስ፣ አፈሙዞቹ ጎን ለጎን ይሁኑ ወይስ ከላይና ከታች? ቀኝ እጄን ነው የምጠቀመው፤ የሚያነጣጥረው ግን ግራ ዓይኔ ነው። እንደኔ የሆነ ሰው በምን ጀመረ? እባካችሁ ንገሩኝ።